ሚዛኑ ላይ ሦስተኛ

ልብስ ሰፊዋ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ትሮጣለች፤ ሮጣ ስትመለስ ግን እራት አትቀምስም። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ «ያቃጠልሽውን መልሰሽ ብይ እንጂ! አንቺ ካልበላሽው ሌላ ይበላዋል» እያለ ይስቅባታል።

«ሂድ ወዲያ!» ትለውና መታጠቢያ ቤት ገብታ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች። ሚዛኑ ሰው ሲቆምበት ጢጥ ይላል፤ አንደኛ ብሎ የእሷን፣ ሁለተኛ ብሎ የባሏን ክብደት ይመዘግባል።

አንድ ሰኞ «ሦስተኛ፦ ሁለት ኪሎ» የሚል አገኘች። እሷም እስከዚያ ቀን የቀነሰችው ልክ ሁለት ኪሎ ነበር። ይሄ ሰውዬ ጫማውን እየመዘነ ሊያበሽቀኝ ነው ብላ ጠረጠረችው፤ በዓይነ ቁራኛ ልትጠብቀው ስትል ግን በማግስቱ ረጅም መንገድ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት እሷ አራት ኪሎ ቀንሳለች፤ ሦስተኛውም አራት ሞልቷል።

ደወለችለት። «ጫማህን እየመዘንክ ሚዛኑን አበላሽተኸው ነው የሄድከው አይደል?»

«የምን ጫማ? ከቤት ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ! ረሃብ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ፤ በይ አሁን ብይ።»

የቤቱን በር ቆልፋ ዳቦ ቆረሰች። ገና አንዴ ስትጎርስ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሚዛኑ ጢጥ አለ። ከዚያም በራሷ ድምፅ፣ በቁጣ፦

«የእኔን ለምን ትበያለሽ?»