ትሪ ይዛ የምትገባው

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ተዋናይ ዝነኛ ናት ከተባለ አዎ፣ ዝነኛ ናት። ፊቷን የማያውቅ የለም፤ ስሟን የሚያውቅ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ በየፊልሙና በየድራማው ትሪ ይዛ ትገባለች፣ ትደናቀፋለች፣ ብርጭቆው ይሰበራል፣ ሰው ይስቃል፣ ትወጣለች። በቃ። አንዴ የሆስፒታል ድራማ ላይ ትሠራለች ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተጣደ። ለሐኪሙ ትሪ ይዛ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ትሪ» ሆነ።

ሥራዋን ግን የምር ትወስደዋለች። የሚሰጡን ልብስ ሁሉ አዲስ ነው፣ ከፌስታል የወጣ ልብስ ለብሼ እንዴት ብዬ የቤት ሰው ልምሰል እያለች ደረጃ ላይ ላገኘችው ሁሉ ታማርራለች። ሰው አንገቱን ነቅንቆ ያልፋታል።

ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ደግሞ «ሬዲዮ» ትባላለች። ይህን ቅጽል ስም ከራሷ በቀር የማያውቅ የለም። ሬዲዮ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሰው ጉድ ተደብቆ ሲቀር አንጀቷ አይችልም፣ ያ ብቻ ነው። ወሬ ስትጀምር «እኔ እንኳ ዝም ብዬ ነው እንጂ» ትላለች፤ ዝም ያለችበትን ቀን ግን የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም።

ባሏ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሰው አቤቱታ ሲጽፍ ይውላል። እቤቱ ሲገባ ዝም ነው። አንድ ነገር ተናግሮ ጨርሶ አያውቅም፤ ሚስቱ ትጨርስለታለች፣ ያውም ከእሱ አሳምራ።

እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ነው ከሥራ መልስ ትሪ ቤት መግባት ያበዛው።

መጀመሪያ አምፖል ልቀይርላት ነው አለ። በሳምንቱ ቧንቧዋ ያንጠባጥባል አለ፤ የራሱ ቤት ቧንቧ እንደ ክረምት ጣራ ሲያንጠባጥብ እያየ የከረመ ሰው። ሬዲዮ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። የባሏ ድምፅ ነው፤ ይናገራል፣ ሳያቋርጥ ይናገራል። ከዚያ ትሪ ከት ብላ ትስቃለች።

ሬዲዮን አንድ ቀን አስቋት አያውቅም።

ይባስ ብሎ እቤት ሲመለስ ወሬ መጠየቅ አመጣ። የሰፈሩን ልብስ ሰፊ ያን ለት ምን ብለሽ ነበር ያሳፈርሻት፣ እስቲ እንደገና ንገሪኝ ይላታል። ሬዲዮ ወዲያው ገባት። ሚስቱን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ባል፣ የሠራው ነገር አለ።

ቀጥሎ ዕቃ ጠፋ። መጀመሪያ እጅጌው የተተረተረው አበባማ የቤት ቀሚሷ፣ ከዚያ ተረከዙ ያለቀው ሰማያዊ ነጠላ ጫማዋ። ሌባ ቢሆን አዲሱን ይወስድ ነበር። አሮጌዋን ሴት ከነአሮጌ ልብሷ ቀስ በቀስ ጠርጎ እያወጣ፣ ለአዲሲቱ ቦታ እያስለቀቀ ነው አለች በልቧ።

ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄዳ ይህን እየሳቀች አወራችው። ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን የቀሩትን አሮጌ ልብሶቿን አንድ በአንድ ቆጠረች። እውነት ለመናገር፣ ዝም ብሎ የሚሰማት ሰው ከእሱ ሌላ አልነበራትም። እሱ ከሄደ ለማን ታወራለች?

ቅዳሜ ዕለት ሄዳ የትሪን በር በመዳፏ ደበደበችው። ትሪ ስትከፍት ሬዲዮ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«እኔ እንኳ ዝም ብዬ ነው እንጂ፣ ብናገር ይሄ ሁሉ ደረጃ አይበቃኝም! በየሰው ቤት ትሪ ይዘሽ ስትገቢ ኖረሽ፣ እኔ ትዳር ውስጥ ባዶ እጅሽን ትገቢ?»

ትሪ አልካደችም፣ አላለቀሰችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የሬዲዮን እጅና አፍ በየተራ እያየች አዳመጠቻት።

«እትዬ፣ የመጨረሻዋን ድገሚልኝ በናትሽ፤ በደንብ አልሰማሁሽም።»

እንዲህ ያለ ንቀት ታይቶ አይታወቅም። ሬዲዮ ደገመችላት፣ ጨምራም ሰጠቻት። ትሪ አመሰግናለሁ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ብዙም ሳይቆይ ትሪ በአዲስ ተከታታይ ድራማ ዋና ተዋናይ ሆነች የሚል ወሬ መጣ። ማንም አላመነም። ትልቁ ቴሌቪዥን ያለው ሬዲዮ ቤት ስለሆነ፣ እሁድ ከሰዓት የፎቁን ሰው ሁሉ ጠራች። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ድራማው ሲያልቅ ባሏን በሰው ፊት ልታቆመውና እኔን ወይስ እሷን ልትለው ነው።

ሳሎኑ ሞላ። ባልየው ጺሙን ተላጭቶ፣ እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ፣ ከሁሉም ኋላ ተቀመጠ። ላብ አጥምቆታል። ሬዲዮ አየችው፤ ላቡን ለማስረጃነት ያዘችው።

«ትሪ ይዛ ካልገባች ስሜን ለውጡት» አለች ለእንግዶቿ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

የድራማው መግቢያ ሙዚቃ አለቀ። ስክሪኑ ላይ በር ተከፈተ። ቀድሞ ብቅ ያለው ትሪ አልነበረም፤ ተረከዙ ያለቀ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ነበር።

«እኔ እንኳ ዝም ብዬ ነው እንጂ» አለች ተዋናይዋ፣ በአበባማው ቀሚስ ላይ ወገቧን ይዛ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ባልየው እያንዳንዷን ቃል ከእሷ አንድ ትንፋሽ ቀድሞ በከንፈሩ ይላት ነበር።