ምልክቱ የጠፋው እንቁላል

አራተኛውም እንቁላል ውስጥ ያው ቀይ ቀለበት አለ።

ልብስ ሰፊው የስልኩን መብራት ከባዶው የሶፍት ጥቅል ካርቶን ጫፍ አላቅቆ እንደገና ገጠመው፤ ጥፋቱ የመብራቱ ይመስል። የተቀመጠው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ስለሌለው፣ በበሩ ስር የሚሾልከውን የከሰዓት ብርሃን በፎጣ ጠቅጥቆታል። ጉልበቱ ላይ ያለው ሳህን እንቁላሎቹ እንዳይበርዳቸው በሱፍ የአንገት ልብስ ተሸፍኗል። የማን የአንገት ልብስ እንደሆነ ባይጠየቅ ይመረጣል።

አንድ ጫጩት አርቢ በስልክ ያስረዳው ነገር ቀላል ነበር። በሰባተኛው ቀን ጨለማ ውስጥ መብራት ታበራበታለህ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ስር ካየህ፣ እሰየው። ጥርት ብሎ ካበራ ድሮም ባዶ ነው። ቀይ ቀለበት ካየህ ግን ጀምሮ ሞቷል፣ አውጥተህ ጣለው።

ልብስ ሰፊውን ያንገበገበው ይሄ «ጀምሮ ሞቷል» የሚሉት ነገር ነው። ባዶ ቢሆን ጥፋቱ የጎረቤት አውራ ዶሮ ይሆን ነበር።

አምስተኛው፣ ቀለበት። ስድስተኛው፣ ቀለበት።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ ከበሩ ውጭ፣ «ልብሱን ዘፍዝፌዋለሁ። ውሃው ያለው አንተ ጋ ነው።»

«ትንሽ ታገሺ።»

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ለማድረግ ነው ፎጣዬን በሩ ስር የወተፍከው?»

ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ የረዘመ ነገር አላወሩም። ነጠብጣቧ ዶሮ የሷ ነበረች። ከመዳፏ ጥሬ የምትለቅም፣ ድምጿን ስትሰማ ከአጥሩ ጥግ ክንፏን ዘርግታ የምትሮጥ፣ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ብትወጣም «ተያት» የሚባልላት ዶሮ። የዛሬ ስምንት ቀን እሱ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ ሲገባ የግቢውን በር ሳይዘጋ ቀረ። ውሻ ገባ። ሚስቱ አልጮኸችም። ላባውን ጠርጋ፣ መጥረጊያውን ቦታው መልሳ፣ እራት አቀረበችለት። ብትጮህበት በስንት ጣዕሙ።

በማግስቱ ዶሮዋ ትታ የሄደቻቸውን አስራ አንድ እንቁላሎች ሰብስቦ፣ ከአሮጌ የፎም ሳጥን፣ ከአምፖልና ከአንድ ኩባያ ውሃ መፈልፈያ ሠራ። «አስፈለፍልልሻለሁ» አላት። «እንግዲህ አንተው እንደ ዶሮ ታቀፋቸው» አለችው፣ ዞር ብላም አላየችው።

ያላደረገው ነገር የለም። ሙቀቱን ቤት በገባ ቁጥር ያነባል። ጠዋት ሱቅ ከመሄዱ በፊትና ማታ ሲመለስ እንቁላሎቹን ያገላብጣል፤ አንዱ እንዳይዘለል ብሎ በልብስ ጠመኔው በአንድ ጎናቸው መስቀል፣ በሌላው ጎናቸው መስመር አስምሮባቸዋል። የገረመው ነገር ቢኖር፣ ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር ወደ ላይ የሚያገኘው መስመሩን መሆኑ ነው። መስቀሉን ወደ ላይ አድርጌ የሄድኩ መስሎኝ ነበር ይልና እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሰባተኛውም ቀለበት። ስምንተኛው ጥርት አለ። ቢያንስ ይሄ በጎረቤት ይሳበባል። ዘጠኝና አስር፣ ቀለበት። አስረኛውን ከመብራቱ ላይ ሳያነሳ በሩ ተከፈተ።

«ዝጊው።»

ዘጋችው፤ ግን ከውስጥ ሆና። ጨለማው ውስጥ አጠገቡ ቁጢጥ ስትል የሳሙና ሽታዋ መጣ። መብራቱ ላይ ያለውን እንቁላል አየች።

«ይሄ ቀዩ ምንድነው?»

«ሞቷል። ሁሉም።» አለ። «ጫጩት አርቢው፣ እንቁላሉ ካልተገላበጠ ጫጩቱ ቅርፊቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል ብሎኛል። እኔ ግን አገላብጫለሁ። ጠዋትም ማታም፣ አንድ ቀን አላጎደልኩም።»

ቧንቧው ሁለቴ ጠብ ጠብ አለ።

«አንተም?» አለች።

«እንዴት እኔም?»

«የመጀመሪያ ቀን ስጠይቅህ፣ ሲገላበጥ መስመሩ ወደ ላይ ይሆናል አላልከኝም? መስቀሉ ወደ ላይ ሆኖ ሳየው ረስቶት ሄደ እልና አዞረው ነበር። በየቀኑ። ማታም ስትተኛ።»

ሳምንቱን ሙሉ የሌላ ሰው ጥፋት ሲፈልግ ከርሞ፣ ይኸው ተገኘ። ተገኘና ምን እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«አንተስ የግቢውን በር ሳልዘጋው ገባሁ ብለህ ነግረኸኛል?»

ስለ በሩ ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነው። ባልዲው ከስሩ ሲንቋቋ ተሰማ።

«አልነገርኩሽም» አለ።

እጇ ሳህኑ ውስጥ ሲዳብስ ቆይቶ የመጨረሻውን አገኘ። ከውሃው ኩባያ አጠገብ የከረመው እንቁላል ነው፤ እርጥበቱ ጠመኔውን ጠራርጎ አጥፍቶለታል።

«ይሄን እኔ አልነካሁትም» አለች። «ምልክት የለውም። የቱ ጎኑ እንደሆነ አላውቅም።»

እሱ ግን ጠዋት ማታ በግምት ሲያዞረው ነበር። ካርቶኑን አቀበላት፤ እንቁላሉን ጫፉ ላይ አስቀመጠችው።

ቅርፊቱ እንደ ጀምበር ቀላ። መሃሉ ላይ ከስፌት ክር የቀጠኑ ቀያይ ስሮች ተዘርግተዋል፤ ስሮቹ የሚገናኙበት ላይ የሽንብራ ግማሽ የማታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ነጥቧ ትር አለች። ቆየችና እንደገና ትር አለች።

ልብስ ሰፊው ሳያስበው እጁን ኪሱ ከተተና ጠመኔውን አወጣ። መጀመሪያ መስቀሉን የቱ ጋ እንደሚያደርገው ሲያመነታ፣ ሚስቱ ጠመኔውን ከጣቶቹ መሃል ቀስ ብላ ስትወስድበት ተሰማው።