የመንክር ዓይን

እሱና መንክር ሁለቱም ስልሳን የተሻገሩ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ናቸው፤ ሁለቱም የትንንሽ ካሜራዎቻቸውን ሌንስ በእጃቸው እያዞሩ ነው ምስል የሚያጠሩት። የእሱ ሙሽሮች ግን ይደበዝዛሉ፤ የመንክር ሙሽሮች ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ይቆጠራል። ሰው "የመንክር ዓይን አያረጅም" ባለ ቁጥር እርር ድብን ይላል።

ዛሬ ሙሽሮች ፎቶ በሚነሱበት መናፈሻ ውስጥ መንክር እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ካሜራውን አደራ ሰጠው። እሱም በልቡ "ጉድህን አያለሁ" አለና፣ ማያውን ከባለቤቱ ዓይን ጋር የምታስማማዋን ትንሽ መዘውር እንዳገኘ አሽከረከራት።

መንክር ተመልሶ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ሲደግን ክው ብሎ ቀረ።

"ኧረ ወንድሜ! ዓመት ሙሉ ብዥ እያለብኝ፣ የሙሽራዋን ቬል ላስተካክል እያልኩ ርቀቱን በእርምጃ እየለካሁ፣ ሌንሱ ላይ ከተጻፈው የርቀት ቁጥር ጋር እየገጠምኩ ነበር የማነሳው። አሁን ጥርት ብሎ ታየኝ!"

ካሜራውን ወደ እሱ አዞረ።

"በል ቁም፣ መጀመሪያ አንተን ላንሳህ። ምነው ፊትህ ጠቆረ? ፈገግ በል እንጂ!"