ስልክ ያላነሱ

ዶክተር ቃለጽድቅ ፒያሳ ባለው ቢሮው ተቀምጦ በስልክ የሚታከሙ ሰዎችን የኮምፒውተር መዝገብ ያጠናል። ጥናቱ እንዲያምርለት፣ ለክትትል ተደውሎላቸው ያላነሱትን ሁሉ «ተሽሏቸዋል» ብሎ ይሞላ ነበር።

ስልክ ካላነሱት አንዷ የነበሩት የወይዘሮ አስካለ ልጅ እየሩስ ቢሮው ድረስ መጣች።

«ዶክተር፣ ስልኩ ሲጠራ እናቴን እጇ አልታዘዝ ብሏት ነበር። በዚያው አረፈች። እባክዎ መዝገቧ ላይ ‹ተሽሏታል› የሚለውን ያስተካክሉት።»

«በአንድ ሰው ጥናት አይፈርስም» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት።

«ተወው! እናቴ ራሷ ታስተካክለዋለች።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ የወይዘሮ አስካለን መዝገብ ሲከፍት፣ በስማቸው ቦታ የራሱን ስም አገኘ። ከሥሩ «ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ተደወለለት፤ አላነሳም። ተሽሎታል። መዝጋቢ፦ አስካለ» ይላል።

ሰዓቱን አየ። አንድ ደቂቃ ይቀራል።

ልክ በአምስት ሰዓት ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጠራ። ሊያነሳው ፈለገ፤ እጁ ግን ከጉልበቱ ላይ አልተነሳም።