የቀኝ በኩል በር

የልጅቷ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ በጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ እንከን ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸው አብሮ አልወጣም። የገዙትን ቲማቲም፣ የጎረቤቱን አጥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጃቸውን ሊያገባ የመጣውን ልብስ ሰፊ፣ እያገላበጡ ያያሉ።

እንከን የሌላት ጥቁሯ መኪናቸው ብቻ ናት። መሪዋን ከእሳቸው በቀር ማንም አይጨብጥም። ባለቤታቸው መንጃ ፈቃድ ቢኖራቸውም ቦርሳ ውስጥ ከመክረም አላለፈም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉ እጁ ላይ ሲወድቅ ልብስ ሰፊው ዓይኑን አላመነም።

«እህቴን ከመናኸሪያ ያምጣልን» ብለው ነበር እናትየው። «ዛሬ ምሳ ላይ እሺ ልንለው አይደል? እስከ መቼ እንደ እንግዳ እናየዋለን?»

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺታውን እንኳ መኪናዋ ስትመለስ እናያለን» አሉና ሊሸኙት ተነሡ።

«ቁጭ በል አንተ፣ ጉልበትህን አሳርፍ። በሩን እኔ እከፍትለታለሁ።»

መኪናዋ ቀኝ ጎኗን ለአጥሩ ሰጥታ ቆማለች። እናትየው አረንጓዴውን የግቢ በር ወለል አድርገው ከፈቱና ፊታቸው በፍቅር እየበራ «ቀስ ብለህ፣ የእኔ ልጅ» አሉት።

ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ሄደ። እንዲያውም በጣም ቀስ ከማለቱ የተነሣ ብስክሌቶች ቀደሙት። መናኸሪያው ጋ ሲደርስ ከአንድ አረንጓዴ ሚኒባስ ጎን አቆመና አውቶቡሱን ሊጠይቅ ገባ። ጎማ ፈንድቶበት እንደሚዘገይ ተነገረው። ሲወጣ ሚኒባሱ የለም። በመኪናዋ የቀኝ በር ላይ ግን ክንድ የሚያህል ጭረት አለ። ጭረቱ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ፍንጥር ፍንጥር ብሏል።

ሰማይ ተደፋበት። እስከ አደባባዩ ድረስ እየሮጠ ሚኒባሱን ፈለገ፤ የበላው ጅብ አልጮኸም። ከዚያ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰና መኪናዋን በቀጥታ የመኪና ጭረት ወደምታጠፋ አንዲት ባለ ፖሊሽ ነዳ።

ሴትየዋን ሰፈሩ «መስታወት» ይላታል። እሷ የሠራችው በር ላይ ጢም መላጨት ይቻላል ይባላል። መኪናዋን ጥላ ሥር አስገብታ አጠበችና በጥፍሯ ጭረቱን ተከተለችው።

«ጥፍሬን አልያዘውም። ከላይኛው ሽፋን አላለፈም ማለት ነው፤ ዕድለኛ ነህ» አለችው። ያጠበችበትን ጨርቅ አሸተተችና ሳቀች። «ጭረቱ እንዳይታይ ቫዝሊን ለቅልቀህበታል አይደል?»

«እኔ? ኧረ እጄንም አላሳረፍኩበት፣ እትዬ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እትዬ፣ በሞቴ፣ የወደፊት አማቴ መኪና ናት፤ ካለዎት ፖሊሽ ሁሉ ኃይለኛውን ያድርጉልኝ።»

«ኃይለኛው ጭረቱን ይበላልሃል፤ ግን ራሱ ሌላ ጭረት ትቶ ይሄዳል። ጥቁር ቀለም ደግሞ ሆዱ ምንም አይችል፤ ፀሐይ ላይ ስትወጣ በሩ የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው።»

«ደቃቁንስ?»

«ደቃቁ ለብቻው ያሳምራል እንጂ አያድንም። መጀመሪያ መካከለኛው ይቁረጥ፣ ከዚያ ደቃቁ ያብራ።»

መካከለኛውን ቀብታ በማሽኑ አስኬደችው። ጭረቱ ጠፋ፤ በቦታው ስስ ጉም የመሰለ ነገር ቀረ። ስፖንጁን አውልቃ ለስላሳውን ገጠመች፣ ከደቃቁ ፖሊሽ ጠብታ ጠብታ አደረገችበትና ማሽኑን ሳትጫን፣ በዝግታ፣ ሕፃን እንደምታባብል አስኬደችው። ጉሙ ተገፈፈ። ልትወለውል ጨርቅ ስታነሣ ልብስ ሰፊው እጇን ያዘ።

«ጠርዙ ላይ ስፌት አለው፣ እትዬ። ክሩ ደረቅ ነው፤ ይጭረዋል።»

ጨርቁን አገላብጣ አየችና ወርውራ ሌላ አነሣች። «ይህን ዓይንህን ለአማትህ አሳየው» አለችው።

በሩ እንደ ጥቁር ውሃ አበራ። ልብስ ሰፊው ግን ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ሲያየው ሊያለቅስ ደረሰ። ከሌላው አካሏ በልጦ በሩ ብቻ «እዩኝ» ይላል።

«በል እጅጌህን ሰብስብ» አለች መስታወት። «ሙሉ መኪናዋን እኩል እናደርጋታለን።»

አክስቲቱን ይዞ ሲመለስ አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ደጅ ቆመዋል። እናትየውም ከኋላቸው እየተጣደፉ ወጡ፤ እህታቸውን እንኳ ሳይስሙ በመኪናዋ ዞረው የቀኝ በሩ ፊት ቀጥ አሉ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ወጣ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

አለቀልኝ፣ አለ ልብስ ሰፊው በሆዱ። አውቀውብኛል።

አባትየው ከፊት መብራት ጀመሩ። ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ ራቅ አሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የቀኝ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ልብስ ሰፊው ከዚህ በኋላ መዋሸት ከጭረቱ የባሰ መስሎ ታየው።

«አባባ፣ አንድ ልነግርዎት የሚገባኝ ነገር…»

«የምን ንግግር ነው!» ብለው እናትየው አቋረጡት። «ልጁ ደክሞታል፣ ምግቡም ይቀዘቅዛል!»

አባትየው ከበሩ ላይ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ፋብሪካ ውስጥ እንኳ ተናግረውት የማያውቁትን ቃል ተናገሩ።

«እንከን የላትም።» ከዚያም እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «አጥበሃታል፣ አሳምረሃታል። ንብረት የሚያከብር ሰው ልጅም ያከብራል። ግባ፣ ልጄ።»

የአክስቲቱን ሻንጣ አንሥተው እየሳቁ ወደ ቤት ገቡ። ልብስ ሰፊው ትንፋሹ ተመለሰለት። ሊከተላቸው ሲል እናትየው ክንዱን ጨምድደው ያዙት፤ ግራ ቀኝ አዩና ወደ ጆሮው ተጠጉ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ከግቢው በር ጋር አጋጭቼ የፈጠርኩትን ጭረት የት አደረስከው?»