የሐሙስ ውኃ

ሸህ ኢብራሂም ከዘራቸውን አንሥተው ከፍርድ ቤቱ ግቢ አግዳሚ ተነሡ። «የሐሙስ ውኃ የአባቴ ተራ ነው። በቃ፣ ዳኛው ይፍረዱን» አሉ።

ቶይባ ወረቀቶቿን ወደ ጎን ገፋች። ጥብቅና ከጀመረች ገና አራተኛ ወሯ ነው። የከሚሴው ዳኛ «ተነጋግራችሁ ብትስማሙ» ብለው እስከ ምሳ ጊዜ ሰጥተዋቸው ነበር። እሷ ግን ጊዜውን ሕግ እየጠቀሰች ስትከራከር ጨረሰችው። በክርክሩ ረትታቸዋለች፤ ሽማግሌው ግን ሊሄዱባት ነው።

ደንበኛዋ ሀዲጃ አጠገቧ አቀርቅራ ተቀምጣለች። ጨፋ ላይ ሽንኩርት የምታለማ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከሸሁ ጋር ማሳቸውን በአንድ ቦይ ያጠጣሉ፤ በሐሙስ ተራ የተነሣ ሲካሰሱ ሦስት ዓመታቸው።

የሕግ መምህሯ «ሰው የሚጠይቀው ሌላ፣ የሚያስፈልገው ሌላ» ይሉ ነበር። ቶይባ ይህን በፈተና ጽፋ ሙሉ ማርክ አግኝታበታለች። ሰው ጠይቃበት ግን አታውቅም።

«አባቴ፣ አንዴ ይቆዩኝ፤ አልከራከርዎትም። ሐሙስን ቢለቁላት ምን ይመጣብኛል ብለው ነው የሚሰጉት?»

ሸሁ እንደ ቆሙ ወደ እሷ ዞሩ።

«ዛሬ ብሰጥ ነገ ተራው የሷ ነው ይባላል» አሉ። «ልጆቼ ከአባቴ ውኃ ሊነቀሉ ነው። እኔ ውኃ ነፍጌ አላውቅም።»

ቶይባ ወደ ሀዲጃ ዞረች። የራሷ የሰኞ ተራ እያለላት ሐሙስን ለምን እንደፈለገች ጠየቀቻት። ሀዲጃ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች፤ በኦሮምኛ ጀምራ ወደ አማርኛ ተሻገረች።

«ሰኞ የሚደርሰኝ ሌሊት ነው። አንዴ ብቻዬን ቦይ ላይ ሳለሁ አንድ ሰው ተከተለኝ፤ ሮጬ አመለጥኩ። ከዚያ ወዲህ በጨለማ ወጥቼ አላውቅም።»

ሸሁ ቁጭ አሉ። «ሱብሃነላህ! ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቶይባ ወረቀት ስባ ጻፈች። የሐሙስ ተራ የሸህ ኢብራሂምና የልጆቻቸው ነው። ሀዲጃ ሐሙስ ቀን ታጠጣለች፤ በለውጡ የሰኞን ሌሊት ሸሁ ከልጆቻቸው ጋር ያጠጣሉ። ተራ በመለዋወጥ ማንም በሌላው ተራ ላይ መብት አያገኝም። በሁለቱም ቋንቋ ቀስ ብላ አነበበችላቸው።

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ነገር ጎደለው» ሲሉ ቶይባ ብዕሯን መልሳ አነሣች። «ሰኞም የሷና የልጆቿ መሆኑን ጨምሪበት። ነገ እኔ ብሞት ልጆቼ እንዳይክዷት።»

ጨመረችበት። ሸሁ አሻራቸውን አኖሩ፤ ከዚያም የቀለሙን ሳጥን በሁለት እጃቸው ይዘው ለሀዲጃ ዘረጉላት።

ቶይባ ቀለሙ እንዳይነካካ ወረቀቱን ከቀሚሷ አርቃ ይዛ ወደ ችሎቱ ገሰገሰች። የጠበቃ ፊት ላሳይ ብላ ከንፈሯን ብትገጥም ፈገግታዋ እምቢ አላት፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣችው።