የአባት ፒክአፕ

አባታቸው ሁለት ፒክአፕ ትተው አረፉ፤ አዲስ ነጭና አሮጌ ሰማያዊ። ዓይኑን ነጯ ላይ የጣለው ታላቁ ልጅ፣ አሮጌዋን ለታናሹ ለማሸከም ሲል ውርስ ሊያከፋፍሉ በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ውዳሴዋን ዘረጋ።

«ነጯማ ጌጥ ናት፤ ጭቃ ትጸየፋለች። ሰማያዊዋ ግን ሃያ ዓመት ጤፍ ስትጭን አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረችም። የአባባ እጅ እኮ አሁንም መሪዋ ላይ አለ!» እንባውም ሳይቀር ታዘዘለት።

ታናሹ አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንጋፋው አቶ ደበላ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ አንተን ከአባትህ መታሰቢያ መለየት ግፍ ነው። ሰማያዊዋ ያንተ ትሁን፤ ያችን ጌጥ ታናሽህ ይቻላት» ብለው መረቁት።

ታናሹ ነጯን አስነሥቶ ሄደ። ሽማግሌዎቹም ለሟቹ በየማለዳው ያደርጉት እንደነበረው፣ ጋቢያቸውን አሸርጠው ሰማያዊዋን ሊገፉ ከኋላዋ ተሰለፉ።